ሦስተኛው ራም

መክብብ ኮምፒውተሩን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ማስጋለብ ካማረው ወዲህ ሁለት የማስታወሻ ካርድ (ራም) ተቃጥሎበታል። ሁለቱም ደህና ሲሠሩ ቆይተው፣ እሱ ከክፍሉ ወጣ ሲል ነው ድርግም ያሉት። ሦስተኛውን ሊመርጥ ሱቅ ገብቶ ባለሱቁን ቁም ስቅሉን አሳየው።

«ሙቀት ይችላል?»

«ወንድሜ፣ ይኼን እሳት ላይ ብትጥደው አይሞቅም!»

ቤት ወስዶ ገጠመው፤ ፍጥነቱን እስከ ጥግ ለቀቀው። ኮምፒውተሩ በረረ! ለእናቱ የምሥራች ሊነግር ወደ ጓዳ ሮጠ፤ የሉም። ሲመለስ ስክሪኑ ጨልሟል። እናቱ ኮምፒውተሩን ወፍራም ዳንቴል አልብሰው፣ ከኋላው በአየር ማስወጫው ቀዳዳ ሁሉ ጥጥ ይወትፋሉ።

«እንኳን ደረስኩለት ልጄ!» አሉት። «የፊተኞቹን የፈጃቸው አቧራ ነው። ይኼኛውን ግን እኔ እያለሁ ንክች አያደርገውም!»