ድልድዩን ያሻገረ ፋይል

በምሳ ሰዓት ስልክ ጠጋኙ፣ በልጅነቱ አንድ ድልድይ ላይ በደረሰ ቁጥር ቀጥ እያለ ያስመረረውን የድሮ ጌም ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተ። የጌሙ ወዳጆች በገዛ ፈቃዳቸው ሁለት የማስተካከያ ፋይል ሠርተውለታል፤ አንዱ ጠላቶቹን ያደክማል፣ ሌላው የድልድዩን ችግር ብቻ ይፈታል። "ካሸነፍኩ አይቀር በላቤ ነው" ብሎ ሁለተኛውን መረጠ። አብሮት የመጣውን ማስታወሻ ሲያነብ ግን አንዱን መስመር ደግሞ አነበበው። "ብልሽቱ ከጌሙ አሠራር ነው፤ ያለዚህ ፋይል ይህን ድልድይ የተሻገረ ሰው የለም" ይላል።

ያኔ በልጅነታቸው ጌሙ ሲቆም የኤሌክትሪክ ገመዱ አጠገብ የተገኘው ታናሽ ወንድሙ ነበር። "በእማዬ ሞት አልነካሁትም፣ ወንድም ጋሼ!" እያለ ሲምል፣ እሱ ግራ ጆሮው ላይ በጥፊ አጮለው። ያ ጆሮ ከዚያ ወዲህ ሰምቶ አያውቅም።

ፋይሉን ጫነው። ጀግናው ድልድዩን እንደ ዘበት ተሻገረ፤ ድልድዩ መጨረሻው ነበርና ጌሙም አለቀ። አጠገቡ ተቀምጦ የስልክ ስክሪን የሚቀይረው ወንድሙ ቀና አላለም።

"ጥፋቱ ያንተ አልነበረም ለካ" አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወንድሙ አልሰማውም። ታላቁ ተነሥቶ በቀኝ ጆሮው በኩል ዞረና ደግሞ ነገረው።

"ያኔም ነግሬህ ነበር እኮ" አለ ወንድሙ፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ።