ለስላሳ ጎማ

መሐንዲሱ ከጀርመን ተመልሶ የመኪና ምርመራ ጣቢያ ከተቀጠረ ስድስት ወሩ ነው። አፉ እስኪደርቅ የሚደጋግመው አንድ ነገር ነው። «የዝናብ መጥረጊያ ጎማ በፀሐይ ይደርቃል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ክረምት ሳይገባ ቀይሩት። የእኔን ላዳ አታዩም?» የላዳ ታክሲ ሾፌሮቹ «እሺ ኢንጂነር» ብለው ይሄዱና ያንኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ይዘው ይመለሳሉ። ቢታክተው መልቀቂያ ጽፎ ኪሱ ከከተተ ሰነበተ።

ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ የቀረቡለት አሥር ላዳዎች መጥረጊያ ሁሉ አዲስ፣ ጎማውም ለስላሳ ነበር። አንዱንም ሳይጥል አሳለፋቸው።

«ተማርን እኮ ኢንጂነር!» አለው አንዱ ሾፌር።

ምሳ ሰዓት ላይ መልቀቂያውን ቀደደው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዝናቡ ወረደ። ከጣቢያው ጀርባ ወዳቆማት ላዳው ሮጦ ገባና ሞተር አስነሳ። መጥረጊያውን ሲከፍተው ባዶ ብረት መስታወቱን ፋቀው።

ዘበኛው ጋሽ ደምሰው ጃንጥላ ይዘው እየሮጡ ደረሱ።

«ትንሽ ይታገሡኝ ኢንጂነር፤ አሥረኛው ሾፌር መጥረጊያዎቹን አሁን ይመልሳቸዋል። ደግሞ አይስጉ፣ እርስዎ እንዳሉት በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግን ነው የተጠቀምንባቸው።»