የሌለው ወንድም

ፀጉር ሠሪዋ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስትመለስ፣ ወደ ቤቷ የሚወስደው ቅያስ ጋ ስትደርስ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች። «ወንድሜ፣ ደርሻለሁ፤ በር ላይ ጠብቀኝ!» ትላለች ጮክ ብላ። ወንድም የላትም፤ ለእናቷ አንድ ናት። ዘዴውን ያስተማረቻት አክስቷ ናት። «ተከትሎሽ የሚመጣ ቢኖር ሰው እንዳለሽ ይወቅ። ብቻዋን ለምትሄድ ሴት ውሸትም ዱላ ነው» ብላ።

ዛሬ የስልኳ ባትሪ ከሥራ ቦታ ሳትወጣ አልቋል። ቅያሱም ጭር ብሏል። ቢሆንም ልማድ አይለቅምና ድርግም ያለውን ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወሬዋን ጀመረች። ሰሚ ስለሌለ ቀልድም ጨመረችበት፤ «አንተ ሰነፍ፣ የክፍሌ አምፖል ከተቃጠለ ሳምንቱ! ዛሬ እንኳ ቀይርልኝ እንጂ።»

የግቢውን በር ከፍታ ስትገባ የክፍሏ መብራት በርቷል።

አከራይዋ ልብስ ከገመድ ላይ እያወረዱ ነበር። «ወንድምሽ አሁን ገባ፣ ልጄ» አሏት ፈገግ ብለው። «አምፖል ይዞ መጣና በትርፉ ቁልፍ ከፈትኩለት። ቁርጥ አንቺን! ሁልጊዜ በስልክ ስታወሪው እየሰማሁ፣ ይሄ ልጅ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብቅ አይልም እል ነበር።»

ፀጉር ሠሪዋ ወደ መንገዱ ዞራ ልትሮጥ ስትል፣ ድርግም ያለው ስልክ ከመዳፏ ውስጥ በለሆሳስ ተናገረ።

«እህቴ፣ ወደ ኋላሽ አትዙሪ። ዛሬ የተከተለሽ አለ።»