የበሩ ጠባቂ

አብዮት ጠባቂው ቁስቋም ዳገት ላይ ወዳለችው ቤት ሳያንኳኳ ሲገባ የሾዴ እጅ ካርቶኑ ላይ ነበር። ካርቶኑ እነሾዴ ራሳቸው የፈጠሩት ጨዋታ ሰሌዳ ነው፤ ሁለት ፊት አለው። በአንዱ ጎተራዋ የሞላ፣ ሰው ሁሉ የሚዘምርባት ከተማ ተስላለች፤ በሌላው ደግሞ ለመሳቅ እንኳ ፈቃድ የሚጠየቅባት፣ በግንብ የታጠረች ከተማ። ተጫዋቾቹ ነዋሪ ይሆናሉ፤ ሾዴ ታሪኩን ትመራለች፣ የሚጣለው ባለ ስድስት ቁጥር ዳይስ ይፈርዳል። የቀበሌ ሰው ከመጣ ካርቶኑን ወደ ጥጋቡ ፊት መገልበጥ ውላቸው ነበር።

ጓደኛዋ ጉልላት በዓይኑ «ገልብጪው!» አላት። አልገለበጠችውም። ያቺን የጥጋብ ከተማ ሲጫወቱባት ያዛጋሉ፤ ምን ይሠሩባታል? በዚህች በግንብ በታጠረችው ውስጥ ግን በር አለ፣ በር ደግሞ ይከፈታል።

ሰውዬው ጠመንጃውን እንዳነገተ ወደ ካርቶኑ ጎንበስ አለ። «ይሄ በሩ ላይ የቆመው ማነው?»

«ጠባቂው ነው፣ ጓድ። ስድስት ከወጣለት በሩን ይከፍትልናል።» ዳይሱን በመዳፏ ዘረጋችለት። «እስቲ እርስዎ ይጣሉለት።»

ዳይሱን አየው እንጂ አልነካውም። «ባይወጣለትስ?»

«ያኔ በሩን እኛ እንሰብረዋለን» አለችና ዳይሱን ራሷ ጣለችው።