ሰርቪስ ቤቷ

ቤቱን ለመግዛት እንጀራ የሚበላባትን ታክሲ ሸጧል፤ ሚስቱም የአንገትና የጣቷን ወርቅ አውጥታለች። ተከራይተው የሚኖሩበትን ቤት ደግሞ ቅዳሜ እንዲለቁ ተነግሯቸዋል። የቀረው ጓሮ ካለችው ሰርቪስ ቤት አሮጊቷን ማስወጣት ብቻ ነበር። ሻጩ ግርማቸው፣ «ተከራይ ናቸው፤ ውል የላቸውም። ውጡ ስትላቸው ይወጣሉ» ብሎ ቁልፉንና ካርታውን አስረክቦታል።

አሮጊቷ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ሲያያቸው እናቱን መሰሉት።

«እማማ፣ እዚህ ሲኖሩ ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«ሃያ ሦስት።»

«የተፈራረሙት ውል አለ?»

«ምን ውል! እኔ ከማንም ጋር ወረቀት ተጻጽፌ አላውቅም።»

እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «እናቴ የአልጋ ቁራኛ ናት፤ የማስተኛበት የለኝም። በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ ይቺን ክፍል ይልቀቁልኝ።»

ጎመኑን አስቀምጠው ክንዱን ይዘው አነሱት።

«ተነስ ልጄ፣ ለሰው አይሰገድም። ግርማቸው ሲለቅ አንተ እንደምትተካው ነግሮኛል። ትልቁ ቤት ሰፊ ነው፤ እናትህን ፀሐይ በሚገባበት ክፍል አስተኛት። ይቺን ግን አልለቅም። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ዋናውን እያከራየሁ እኔ የምኖረው እዚህ ነው።»

እሱ ካርታውን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ።

«አይዞህ፣ አንተንም ውል አላስፈርምህም» አሉት። «ብቻ እንደ ራስህ ቤት ያዝልኝ።»