ካፒቴኑ በሩ ላይ

አሁን በየቤቱ የሚታየው ተከታታይ የካርቱን ፊልም የሚሠራው እያንዳንዱ ቤተሰብ ድሮ ከተጫወተው ጌም ነው፤ ተጫዋቾቹ ያኔ ያደረጉት ሁሉ እንዳለ ይታያል። የእኛው ፊልም ልጆች ሳለን ከሟቹ ወንድሜ ከናሆም ጋር ከተጫወትነው የጠፈር ጌም ወጣ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል፤ የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅ ፊልሙም ጌሙም ይጠፋል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከባለቤቴ ከበሱፈቃድ ጋር የመጨረሻውን ክፍል ከፈትን። ናሆም ያንቀሳቅሰው የነበረው ካፒቴን ልክ እንደ ድሮው ግድግዳ እየታከከ ይሮጣል። የእኔዋ ትንሿ ጠፈርተኛ ከኋላው ትንገዳገዳለች፤ ጆይስቲኩ ለእጄ ትልቅ ነበር። እሱም በየበሩ ቆሞ ይጠብቃታል።

የመርከቧ በር ጋ ሲደርሱ የእኔዋ ድርቅ ብላ ቀረች። ያን ቀን አስታወስኩት። "ቀርፋፋ" ስላለኝ ጆይስቲኩን ወርውሬ ወጥቼ ነበር። ጌሙን ብቻውን የጨረሰው ስለመሰለኝም ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።

ካፒቴኑ ግን በሩ ላይ ቆሞ ዞር ብሎ ያያታል። አንድ ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ።

"ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ላሳልፈው?" አለ በሱፈቃድ ሪሞቱን አንስቶ።

"ተወው፣ እየጠበቀኝ ነው።"

ሻያችን በረደ። አርባኛው ደቂቃ ላይ ካፒቴኑ ከበሩ ተመልሶ አጠገቧ ቁጭ አለ። ፊልሙ እዚያው ላይ አለቀ።