ጉበት ውስጥ የተገኘው ምስክር

ጀርም የመጣበትን መንገድ የሚያነብ መሣሪያ ከተሠራ ወዲህ፣ ንባቡ በቤተሰብ ፊት ጮክ ብሎ እንዲሰማ ሕግ ወጥቷል። ዘርጋውም ቀኝ ጎኑን እየወጋው፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው፣ ሐኪም ቤት አልሄድም ብሎ ስድስት ቀን የታገለው ለዚሁ ነው። በሰባተኛው ቀን ሚስቱ ስንቅነሽ ጎትታ አመጣችው።

ዶክተር ሂክመት ከጉበቱ የተቀዳውን መግል መሣሪያው ውስጥ ጨመረችና ፊቷን ቅጭም አደረገች።

"እንግዳ ጀርም ነው። ኑሮው የሰው አፍ ውስጥ ነው፤ ጉበት ውስጥ ብዙም አይገኝም።"

መሣሪያው ማንበብ ጀመረ። "ወደ ታማሚው የገባው በንጥር ቅቤ ነው። በማንኪያ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ዓርብ ቀን።"

ስንቅነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ባሏን አየችው። "በሁዳዴ? ለፋሲካ ዶሮ ያስቀመጥኩትን? እኔ እኮ ማሰሮው ሲጎድል ጊዜ ድመቷን ነው ከቤት ያባረርኳት።"

ዘርጋው ትራሱን ፊቱ ላይ ሳበ። "ሽሮው አልወርድልኝ ብሎ ነው። አንድ ማንኪያ ብቻ።"

"ለንስሐ አባታችን ራስህ ትነግራቸዋለህ።"

መሣሪያው ግን አልጨረሰም። "ወደ ቅቤው የገባው ከሌላ ሰው ምራቅ ነው። ማንኪያውን ልሳ መልሳ አጥልቃዋለች። ሴት ናት፤ ዕድሜዋም..."

እቤታቸው ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ዘርጋው ትራሱን ቀስ ብሎ ከፊቱ አወረደ።

ስንቅነሽ ተነስታ የመሣሪያውን ገመድ ነቀለች። "ይበቃል ዶክተር፤ ታማሚ ነው፣ ይረፍ" አለች። ከዚያም ባሏን ሳታየው፣ "ስንመለስ ድመቷን እንፈልጋታለን" አለችው።